ሞራ የጠጣው ቢላዋ

ባለፈው ሰሞን ሳሪስ አቦ አጠገብ ታክሲ ስጠብቅ ከአንድ የብረት ሥራ ቤት የተቃጠለ ሞራ ሸተተኝ። የጋለ ብረት ሞራ ውስጥ ሲነከር የሚወጣው ሽታ ነው፤ ጥብስ ነው እንዳይሉት ሆድ አይከፍት፣ ሻማ ነው እንዳይሉት ጉሮሮ ይይዛል። ሰዉ አፍንጫውን በነጠላው እየሸፈነ አለፈ። እኔ በቁሜ ቀረሁ። ታክሲው መጣ፤ ረዳቱ «እማማ፣ ይገባሉ ወይስ ይቀራሉ?» አለኝ፤ ታክሲው ሄደ። እንዲህ ሦስት ታክሲ አለፈኝ። እማማ ማለቱን ግን ይቅር አላልኩትም።

ይህ ሽታ መጀመሪያ ሲሸተኝ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ጃንሆይ በዙፋናቸው፣ እኛ በአቃቂ። ቤታችን በባቡር ሐዲዱና በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ግንብ መካከል የተሰነቀረ ሁለት ክፍል ነበር። ባቡር ባለፈ ቁጥር ስኒዎቹ መደርደሪያው ላይ ይጨፍራሉ፤ በዓመቱ መጨረሻ ቤታችን ራሱ አንድ ክንድ ያህል ወደ ቃሊቲ ሳይጠጋ አልቀረም። አባቴ የፈረቃ ሠራተኛ ስለነበር ወይ ተኝቷል ወይ ሥራ ላይ ነው፤ ቁመቱን በትክክል ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ቤቱን የሚገዙት እናቴና የአባቴ አባት፣ አባባ ገመዳ ነበሩ። እናቴ በጾም፣ አባባ በእሳት።

አባባ ገመዳ የዚያው የአቃቂ ገበሬ ልጅ ናቸው። ፋብሪካው ሲተከል ሞፈራቸውን ጥለው የጥገናው ክፍል ገቡና ጠጉራቸው እስኪሸብት የማሽን ምላጭ ሲስሉ ኖሩ። በዚያ ዓመት ጥምቀት እንዳለፈ አንድ አዲስ ፈረንጅ አለቃ ዓይናቸውን አየና ቤታቸው እንዲገቡ አዘዘ። አስተርጓሚው ነገሩን ለማለዘብ «ዕረፍት ያስፈልግዎታል ነው የሚለው» ቢላቸው፣

«ቋንቋውን ባላውቅ ጣቱ ወደ ዓይኔ ሲጠቁም አላይም? ይህን ካየሁ ምኑ ነው የደከመው?» ብለው መለሱ።

ሲወጡ ሌላ ነገር አልጠየቁም። ያረጀ የጨርቅ መቁረጫ ማሽን ምላጭ ብቻ ተመርቆላቸው መጡ፤ ክንድ የሚያህል፣ ጥቁር፣ እንደ ክፉ ወሬ የከበደ። ጓሯችን ውስጥ ምድጃ ሠሩ፣ ወናፍ ሰፉ፣ መቀጥቀጫ እንዲሆን የሐዲድ ቁራጭ አቆሙ። ከዚያ እኔን አስከትለው ጋሽ ሽብሩ ሱቅ ሄዱ።

ጋሽ ሽብሩ ከጉራጌ አገር መጥተው ሱቅ የከፈቱ፣ የሰፈራችን ቅርጫ አለቃ ናቸው። በየፋሲካው በሬ የሚገዙት፣ የሚባርኩት፣ የሚያርዱት እሳቸው ናቸው። ይህንንም የሚያደርጉት ከባሕር ማዶ በመጣ፣ ምላጩ ላይ አንበሳ በተሳለበት ቢላዋ ነበር።

«የዘንድሮው በሬ በእኔ ቢላዋ ነው የሚታረድ» አሉ አባባ።

«አባባ፣ የእኔ ቢላዋ እኮ የውጭ ነው! ስሙን አስተካክሎ የሚጠራ ሰው አቃቂ ውስጥ የለም።»

«እንድንጠራው ነው ወይስ እንዲቆርጥልን የገዛኸው?»

ጋሽ ሽብሩ ሳቁ። ቀጥለው ግን ማለት የሌለባቸውን አሉ። «ዓይንዎስ? ደክሟል ሲሉ ሰማን።»

ሱቁ ውስጥ ጨው የሚሸምተውም ስኳር የሚሸምተውም ወደ አባባ ዞረ። 

«ዓይኔን በፋሲካ ማለዳ ታያታለህ» አሉ አባባ። «ቢላዋዬ ካልቆረጠ መዶሻዬንና ጉጠቴን ላንተ አስረክቤ ግድግዳ ደግፌ እቀመጣለሁ። ያኔ ፈረንጁ ልክ ነበር በሉ።»

የእኔ ሥራ ከትምህርት ቤት መልስ ወናፍ መንፋትና የስለት ድንጋዩን መዘወር ነበር። ሴት ልጅ ወናፍ ስትነፋ አቃቂ አይታ ስለማታውቅ ጎረቤቱ እየመጣ ይታዘበኛል። እኔም ስዘውር ስዘውር ቀኝ ክንዴ ከግራው በእጥፍ ወፈረ፤ እስከ ዛሬ ልብስ ሰፊ ይደነግጣል።

የዚያ ሰሞን ነገር ሁሉ ድንጋጤ ነው። መጀመሪያ አባባ አንድ ቁራጭ ፌሮ ድንጋዩ ላይ አስነኩ፤ ፍንጣሪው ቀጥ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ጠፋ። ቀጥለው የፋብሪካውን ምላጭ አስነኩ። እያንዳንዷ ፍንጣሪ ጫፏ ላይ ስትደርስ ፈነዳችና ቅርንጫፍ አወጣች፤ ጓሮው በሙሉ አበባ ሆነ። መዘወሪያውን ለቅቄ ሸሸሁ።

«ምን ያስሮጥሻል? ፌሮ ምራቁን ነው የሚተፋው። ይሄኛው ሆዱ ውስጥ ከሰል አለው፤ መሣሪያ የሚሠራበት ብረት ነው። ሆዱ ባዶ የሆነ ብረት ቢስሉትም ስለት አይዝም።»

ከሰል ካለው አንድ ቀን በራሱ ተቀጣጥሎ ቤቱን ያቃጥላል ብዬ ሳምንት ሙሉ ምላጩ ካለበት ርቄ ተኛሁ።

ቀጥሎ የማግኔቱ ጉድ መጣ። አባባ ከተሰበረ ሬዲዮ ያወጡትን ማግኔት በሽቦ አንጠልጥለው ወደ ቀዝቃዛው ብረት ሲያስጠጉት ጧ ብሎ ተለጠፈ። እንደ በሰለ ቲማቲም ወደ ቀላው ብረት ሲያስጠጉት ግን እንደማያውቀው ሰው ዝም አለው።

«ሞተ! ማግኔቱ ሞተ!» ብዬ ጮህኩ።

«አልሞተም። ብረቱ ነው የረሳው። ማግኔት እስኪረሳ ካልጋለ አይጠነክርም፤ ረስቶ ብዙ ከቆየ ደግሞ ይበላሻል። ያችን ቅጽበት የሚይዛት ዓይን ነው» አሉና የራሳቸውን በጣታቸው ነኩ።

በማግሥቱ ትምህርት ቤት ማግኔቱ ብረቱን ፈርቶ ከአባባ እጅ አምልጦ ሐዲድ ለሐዲድ መሮጡን ተናገርኩ። ቀጣፊት የሚለው ስም የወጣልኝ በዚያ ቀን ነው። ጥቂት እውነት ነበረበት እኮ!

ከምላጩ ሦስት ቢላዋ ተቆረጠ። የመጀመሪያውን አባባ አግለው ቆርቆሮ ሙሉ ሞራ ውስጥ ነከሩት። እሳት እስከ ጣራው ተነሣ፤ ጭሱ ፀሐይዋን ጋረዳት። ብረቱ ሲበርድ ሞረድ አሳለፉበት፤ ሞረዱ በመስተዋት ላይ እንደሚንሸራተት ጥፍር ጮኸና ምንም ሳይልጥ አለፈ። «ያዢልኝ» ብለው ሰጡኝ። ያዝኩ። ጣልኩት። ሐዲዱ ላይ ወደቀና እንደ ብርጭቆ ሦስት ቦታ ተሰበረ።

ብረት! ተሰበረ! እኔ እስከዚያ ቀን በዓለም ላይ የማይሰበር ነገር ብረትና የእናቴ ቃል ብቻ ይመስሉኝ ነበር። ዱላውን ጠብቄ ዓይኔን ጨፈንኩ። አባባ ግን ስባሪውን አንስተው ወደ ብርሃን አስጠጉ።

«ነይ እዪ፤ ውስጡ እንዴት ልሟል! እንደ አመድ። እሳቱ በዝቶበት ቢሆን እንደ ጨው ፍሬ ያብረቀርቅ ነበር። አልሳትኩትም» አሉ ደስ ብሏቸው። «የተሰበረው ግትር ስለሆነ ነው። ጠንካራ ብቻ የሆነ ብረት እንደ ግትር ሰው ነው፤ ለስላሳ ብቻ የሆነ ደግሞ እንደ ሊጥ። ስለዚህ ካጠነከርሽው በኋላ መልሰሽ ትንሽ ታሞቂዋለሽ፤ ቀለም ያወጣል። ገለባ ሲመስል ታወጪዋለሽ። ቡና ከመሰለ ለመጥረቢያ ነው። ሰማያዊ ከሆነ ለቢላዋ አልፎበታል።»

የቀሩትን ሁለቱን ሞራ ውስጥ ነክረው መልሰው አሞቋቸው። ቀለሙን ሲጠብቁ አይተነፍሱም፤ እኔም አልተነፍስም። ሁለቱንም የገለባ ቀለም ላይ አወጧቸው። አንዱ ለቅርጫው፣ አንዱ ለራሳቸው።

ችግሩ የተፈጠረው እናቴ ጭሱን ተከትላ ስትመጣ ነው።

«አባባ! በሁዳዴ? ሞራ በግቢያችን?»

«ይሄ ብረት ውኃ አይወድም፤ ድንገት ከበረደ ይሰነጠቃል። ሞራ ግን አባብሎ ነው የሚያበርደው።»

«ኑግ ዘይት አልነበረም?»

«ኑጉንማ ሽሮሽ ጠጣው!»

«ታዲያ ቢላዋው ገደፈ ማለት ነዋ።»

«ዛሬ የተወለደ ነው ልጄ፤ ሕፃን ደግሞ አይጾምም።»

እናቴ ሳቋን በነጠላዋ ሸፍና አማትባ ገባች። እኔ ግን አልሳቅሁም። እናቴ በየዓመቱ እኔን ከወተት ለመከልከል የምትለው አንድ ነገር ነበር፤ ጾም የገደፈ በፋሲካ ከጾመው እኩል አይቆርስም። አባባ ደግሞ ሞራውን ሲከድኑ «ብረት የጠጣውን አይረሳም» አሉ። ደመርኩት። በዚህ የገደፈ ቢላዋ የታረደ በሬ የፋሲካ በሬ ይሆናል? የሰፈሩ ሰው ሃምሳ አምስት ቀን ጾሞ፣ በፋሲካ ማለዳ ሳያውቅ ኃጢአት ሊቆርስ ነው!  ለአዋቂ እንዳልናገር ቀጣፊት ነኝ፤ ማን ያምነኛል?

መድኃኒቱን ግን አውቀው ነበር። በጾም ወተት የነካው ድስት ቤታችን ሲገኝ እናቴ እሳት ላይ ታግለዋለች፣ አመድ ውስጥ ትቀብረዋለች፣ ታሸዋለች፤ ነጻ ማለት ነው።

የስቅለት ዕለት አዋቂ ሁሉ ለስግደት ቤተ ክርስቲያን ሄደ። እኔ ቤት ጠባቂ ቀረሁ። ለቅርጫው የተዘጋጀውን ቢላዋ፣ እጀታ ገና አልገባለትም፣ ከተሰቀለበት አውርጄ ምድጃው ውስጥ ከተትኩት። ወናፉን እየነፋሁ ስንት ጊዜ «አቤቱ ማረው» እንዳልኩ አላስታውስም፤ ካህናቱ ያን ቀን ያሉትን ያህል ሳይሆን አይቀርም። ቢላዋው ቀላ፣ ከዚያ ብርቱካን ሆነ። ሞራው ሲወጣ ያየሁት መሰለኝ። ትኩስ አመድ ውስጥ ቀበርኩት። ቀዝቅዞ ሲወጣ ጥቁር ቅርፊት ለብሷል፤ በአሸዋና በአመድ ፈትጌ ፈትጌ እንደ መስተዋት አደረግሁት። ድንጋዩንም በአንድ እጄ እየዘወርኩ ስለቱን መለስኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ጻድቅ ሆኜ አላውቅም።

ቅዳሜ አባባ እጀታውን አስገቡና የመጨረሻውን ስለት ሊያወጡ ተቀመጡ።

«ዛሬ እንዴት ቶሎ ተሳለልኝ!» አሉ። ቆም ብለው ድንጋዩን አዩ፤ ቢላዋውን አዩ። የክንዳቸውን ጠጉር አስነኩት፤ ላጨ። «የሰሙነ ሕማማቱ በረከት ነው» ብለው በጨርቅ ጠቀለሉት።

እኔ በረከቱን ያመጣሁት እኔ መሆኔን ላለመናገር ምላሴን ነክሼ ዋልኩ።

ፋሲካ ጠዋት፣ ፀሐይ ገና ስትወጣ፣ የቅርጫው ሰው በሙሉ ከሐዲዱ ማዶ ሜዳ ላይ ተሰበሰበ። በሬው ታስሮ ተጋድሟል። ጋሽ ሽብሩ የአባባን ቢላዋ ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ዳበሱና «ይቅርታ አባባ፣ ስለት ነው!» አሉ። አባባ ቀና አሉ። በስመ አብ ተባለ። ቢላዋው አንገቱ ላይ አረፈ።

ጠጉሩን ቆረጠ። ቆዳውን ጫረ። ከዚያ ቆመ። ጋሽ ሽብሩ ገፉ፣ ጎተቱ፤ ስለቱ እንደ ጎመን ቅጠል ጠርዙ ታጠፈ። በሬው እንዲህ ያለ ውርደት ዘሩ አይቶ አያውቅም መሰለኝ፣ አገር የሚያናውጥ ጩኸት ጮኸና ገመዱን በጥሶ ተነሣ። ዐሥራ ሁለት ወንድ በየፊናው ተበተነ። ደብረ ዘይት ድረስ ሮጧል የሚል ሰው አለ፤ እሱ ያጋንናል። የሮጠው ሐዲዱ ድረስ ነው። ቢሆንም የጭነት ባቡር አስቁሟል።

ተይዞ ሲመጣ ያረዱት አንበሳ በተሳለበት ቢላዋ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ አሳለፉት።

ማንም አልሳቀም። ይሄ ነው ይበልጥ ያስደነገጠኝ። አባባ ቢላዋቸውን ተቀብለው ቤት ገቡ፣ ሞረድ አነሡና አሳለፉበት። ሞረዱ ክርር ብሎ ነከሰው፤ የብረት ዱቄት ጉልበታቸው ላይ ፈሰሰ። ጨርሶ ያልጠነከረ ብረት እንዲህ ነው።

«ገለባ ያየሁ መስሎኝ ነበር» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። «በእጄም አልተሰማኝ፣ በዓይኔም አላየሁ። ፈረንጁ ልክ ነው።»

መዶሻቸውንና ጉጠታቸውን ይዘው ወጡ። ጋሽ ሽብሩ ሁለት እጃቸውን ወደኋላ ደብቀው «አባባ፣ በጨዋታ የተባለ ነገር እኮ ነው!» እያሉ ቢለምኑም ደጃፋቸው ላይ አስቀምጠውላቸው ተመለሱ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። ያን ሁሉ ቀን የጾሙ ሰው የፋሲካውን ዶሮ አልቀመሱም። እናቴ ልታጎርሳቸው ብትዘረጋ፣ ጉርሻውን በእጃቸው ተቀብለው እስኪደርቅ ያዙት።

እኔ በረከት ያልኩት ነገር ምን እንዳደረገ ቀስ ብሎ ገባኝ።  እናቴ እንደምትገርፈኝ አውቃለሁ፤ የእናቴ ግርፊያ የጎረቤት ዶሮ እንኳ ያስለቅሳል። ግን የአባባ ጀርባ ከግርፊያ ይልቅ አስፈራኝ። ማክሰኞ ጠዋት አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ እርስዎ አይደሉም። እኔ ነኝ። ስቅለት ዕለት አቃጥዬው ነው።»

ሳይዞሩ ሳቁ። «ጎሽ፣ ቀጣፊት። አያትን ለማጽናናት መዋሸት ኃጢአት የለውም።»

«እግዚአብሔርን!»

«ማግኔቱ ሮጠ ያልሽ አንቺ አይደለሽ?»

«ማግኔቱ አልሮጠም! ይሄ ግን እውነት ነው! ሁለተኛውን ይሞርዱት፤ በአንድ ቀን ነው የሠሯቸው!»

ተነሡ። ለራሳቸው ያስቀሩትን ቢላዋ አወጡና ሞረድ አሳለፉበት። ሞረዱ ጮኾ ተንሸራተተ። ፊታቸው ሊበራ ሲል ጠፋ። «አንዱ በዕድል ነው የወጣ። ዕድል ደግሞ ዓይን አይደለም።»

«እንግዲያው ላሳይዎት» አልኩ፤ እጄን ወደ ቢላዋው ዘረጋሁ።

 ከፋብሪካው ምላጭ የቀረቻቸው ይህች አንዲት ቢላዋ ብቻ ነበረች። ሌላ ከየትም አይመጣም። ብዋሽ ሁለቱንም ያጣሉ። እጀታውን ነቅለው ምላጩን ሰጡኝና ወናፉ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

ነፋሁ። ምላጩ መሞቅ ሲጀምር አባባ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ራሳቸውን የሚፈትኑ ያህል፣ «ገለባ» አሉ። አየሁ፤ ገለባ ነው። «ቡና» አሉ። ቡና ነው። «ወይን ጠጅ። ሰማያዊ… አሁን ግራጫ።» እያንዳንዷን ከእኔ ቀድመው አዩዋት። ድምፃቸው እየጨመረ ሄደ። ሲቀላ ማግኔቱን ሳይሆን እኔን አዩ።

«ከዚህስ በኋላ?»

«አመድ ውስጥ ቀበርኩት።»

«ውኃ አይደለም? ሞራ አይደለም? አመድ? እስኪቀዘቅዝ?»

«እናቴ ድስቱን እንደምታነጻው።»

«ቅበሪው» አሉኝ፤ አመድ ውስጥ ቀበርኩት። ከቀትር በኋላ ከአመዱ አወጣሁት፤ ቅርፊቱን በአሸዋ ፈተግሁ። እንደዚያኛው አበራ። ሞረዱን ራሳቸው አነሡ። 

ክርር። ዱቄቱ ፈሰሰ።

አባባ እልል አሉ። ወንድ እልል ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሁለቱን የተበላሹ ቢላዋዎች በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው በባዶ እግራቸው ወደ መንገድ ወጡ። «ሰዎች! ኑ እዩልኝ! አበላሽታብኛለች! ሁለቱንም! የልጅ ልጄ ናት ያበላሸችው!» ሠርግ የሚጠሩ እንጂ ጉዳት የሚናገሩ አይመስሉም። ሰዉ ከየቤቱ ወጥቶ ደርቆ ቆመ። ጋሽ ሽብሩ መዶሻውንና ጉጠቱን ታቅፈው ከሱቃቸው እየሮጡ መጡ።

እናቴም መጣች። «ምን አደረግሽ? ለምን?» አለችኝ።

«ገድፎ ስለነበር» አልኳት።

 ከዚያ ከአጥሩ ላይ አርጩሜ ስትነቅል አየሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ትከሻዬን ሰበሰብኩ።

አባባ በመካከላችን ገቡ፤ ሁለቱ ቢላዋዎች አሁንም በእጃቸው ናቸው።

«አትንኪያት!» አሉ። «ምስክሬ ናት።»